ስሙ የማን ነው? የሱፕሪምስ አነሣሥ



ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ላስታውቅ። ዛሬ የምጠራቸው ዓመታትና ወራት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ታሪኩ የአሜሪካ ስለሆነ በእነሱው ቁጥር ብንሄድ ይቀለናል።

የሴቶች የሙዚቃ ቡድን ሲባል ብዙዎቻችሁ ስፓይስ ገርልስን ወይም ዴስቲኒስ ቻይልድን ታስባላችሁ፤ ልጆቻችሁ ደግሞ ብላክፒንክን። እኔ ግን ስለ ሱፕሪምስ ላወራ መርጫለሁ። ከእነሱ በፊትም የሴቶች ቡድኖች ነበሩ፤ ጥሩ ጥሩ ዘፈንም ሠርተዋል። ሦስት ሴቶች መድረክ ላይ ቆመው የአንድ ትልቅ ኩባንያ ፊት ሲሆኑ፣ ዓለምን ሲዞሩ፣ ከዚያም በስማቸው ላይ ከኩባንያው ጋር ሲጣሉ በደንብ ያየነው ግን በሱፕሪምስ ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ የመጨረሻው ነገር ነው፤ እመለስበታለሁ።

ዲትሮይት የመኪና ከተማ ነበረች። በሃያኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ የደቡቡን የጥጥ እርሻና የዘር መድልዎ የሸሹ ጥቁር ቤተሰቦች ወደ ሰሜን ሲጎርፉ፣ የመኪና ፋብሪካዎቹ እንጀራ ሆነዋቸዋል። የፍሎረንስ ባላርድ አባት ከሚሲሲፒ መጥቶ ጄኔራል ሞተርስ የተቀጠረ ሰው ነው፤ ፍሎረንስ ካሳደጋቸው አሥራ ሦስት ልጆች አንዷ ናት። ሜሪ ዊልሰን ራሷ የተወለደችው እዚያው ሚሲሲፒ ነው። ዳያና ሮስ የዲትሮይት ልጅ ናት። ሦስቱን ያገናኛቸው ብሩስተር ዳግላስ የሚባለው፣ መንግሥት አነስተኛ ገቢ ላላቸው ጥቁር ቤተሰቦች ያሠራው የኪራይ ቤቶች ሰፈር ነው። ዛሬ ሕንፃዎቹ ፈርሰው አልቀዋል።

በ1959 ሚልተን ጄንኪንስ የሚባል ሰው «ፕራይምስ» የተባሉ ወጣት ወንዶችን ይዞ ከመድረክ መድረክ ያዘዋውር ነበር። ከመሃላቸው ሁለቱ በኋላ ቴምፕቴሽንስ የተባለውን ቡድን የመሠረቱ ናቸው። ጄንኪንስ ለወንዶቹ የእህት ቡድን ፈለገና መጀመሪያ ያገኘው ፍሎረንስን ነው። እሷ ደግሞ ሜሪን ጠራች። ሁለቱ ከዚያ በፊት በአንድ የተሰጥኦ ውድድር ላይ ተዋውቀው፣ አንዳችን ቡድን ውስጥ ብንገባ ሌላዋን እንጠራለን ተባብለው ነበርና ቃሏን ጠበቀች። ዳያናን ያመጣት ከፕራይምስ አንዱ፣ ፖል ዊልያምስ ነው፤ አራተኛዋ ቤቲ መግላውን የእሱው ጓደኛ ነበረች። ስማቸውን «ፕራይሜትስ» አሉት። አብዛኞቹ የአሥራ አምስትና የአሥራ ስድስት ዓመት ልጆች ናቸው፤ ቤተሰብ ሳይፈቅድ ማታ መውጣት የማይታሰብበት ዕድሜ።

በዚያን ጊዜ ዋናዋ ድምፅ ፍሎረንስ ነበረች። ከቤተ ክርስቲያን መዝሙር የመጣ፣ ደረትን የሚሞላ ድምፅ ነበራት። ስቱዲዮ ውስጥ ከሌሎቹ ይልቅ ከማይክሮፎኑ ራቅ ብላ እንድትቆም ይደረግ ነበር ይባላል፤ አለዚያ ሁሉንም ትውጣቸዋለች። ይህን ያዙልኝ።

አሁን ኮከብ ወደሚያደርጋቸው ቤት እንግባ። ቤሪ ጎርዲ ቦክሰኛ ነበረ፣ በሊንከን መርኩሪ የመኪና ፋብሪካ ሠራተኛ ነበረ፣ የዘፈን ደራሲም ነበረ። በ1959 ቤተሰቦቹ እንደ ዕቁብ ካጠራቀሙት ገንዘብ 800 ዶላር ተበድሮ የሸክላ ኩባንያ አቋቋመ፤ ሞታውን የምንለው ያ ነው። በዌስት ግራንድ ቡሌቫርድ ላይ አንድ ተራ መኖሪያ ቤት ገዝቶ ፊት ለፊቱ ላይ «ሂትስቪል» ብሎ ጻፈ። ስቱዲዮው ጠባብ ክፍል ነው፤ ቀን ከሌት ይሠራበት ነበር። የገደል ማሚቶ ድምፅ ሲፈልጉ የቤቱን ጣራ ሥር ይጠቀሙ ነበር። ጎርዲ ከፋብሪካው የወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ባዶ የብረት አካል በአንድ በኩል ገብቶ በሌላ በኩል የሚያብረቀርቅ መኪና ሆኖ ይወጣል። ከመንገድ የመጣ ልጅም እንዲሁ በአንድ በር ገብቶ በሌላው በር ኮከብ ሆኖ ይውጣ አለ። ይህን በራሱ አፍ ደጋግሞ ተናግሮታል። በየሳምንቱ የጥራት ቁጥጥር ስብሰባ ነበረው፤ አዲስ የተቀዳ ዘፈን ይሰማና ይጠየቃል፦ ኪስህ ውስጥ የቀረችህ አንዲት ዶላር ብትሆን ይህን ሸክላ ትገዛለህ ወይስ ሳንድዊች? ሳንድዊች ካሸነፈ ዘፈኑ አይወጣም።

ልጆቹ ጎርዲ ፊት ዘፍነው ሲጨርሱ የሰጣቸው መልስ ትምህርታችሁን ጨርሱና ተመለሱ የሚል ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ተስፋ ቆርጦ ይቀራል። እነሱ ግን ከትምህርት ቤት እንደወጡ እየመጡ እንግዳ መቀበያው ላይ ይቀመጡ ጀመር። ሰው ሲጎድል ለሌላ ዘፋኝ ያጨበጭባሉ፤ ተቀባይ ሲጠፋ ይቀበላሉ። በዚህ ጭብጨባ ውስጥ ነው ስቱዲዮውን የለመዱት፤ ስቱዲዮውም እነሱን የለመደው። በጥር 1961 ተፈራረሙ። በዚህ መሃል ቤቲ ልታገባ ስትወጣ ባርባራ ማርቲን ተተክታ ነበር፤ እሷም በ1962 ሄደችና ሦስት ቀሩ።

ውል ሲፈርሙ ፕራይሜትስ የሚለው ስም ይቀየር ተባለ። ከኩባንያው ሰዎች አንዷ የሆነችው ጄኒ ብራድፎርድ የስም ዝርዝር አቀረበች። ከዝርዝሩ «ሱፕሪምስ» የሚለውን የመረጠችው ፍሎረንስ ናት። ሌሎቹ አልወደዱትም፤ ዳያና የወንዶች ቡድን ያስመስለናል ብላ ነበር። ፍሎረንስ ግን ወሰነች፣ ስሙም ጸደቀ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሦስት ዓመታት ባጭሩ ልለፋቸው። ሸክላ ያወጣሉ፣ አይሸጥም፤ ሌላ ያወጣሉ፣ እሱም አይሸጥም። በሞታውን ቤት ውስጥ «ሂት የሌላቸው ሱፕሪምስ» እየተባሉ ይቀለድባቸው ጀመር። በ1962 ከሌሎቹ የሞታውን ዘፋኞች ጋር በአውቶቡስ ደቡብን ሲዞሩ፣ በርሚንግሃም አላባማ ላይ አውቶቡሱ ተተኮሰበት። ጥቁርና ነጭ ተቀላቅሎ በማይቀመጥበት አዳራሽ ዘፍነው፣ በማይስተናገዱበት ምግብ ቤት በር አልፈው፣ አውቶቡስ ውስጥ ያድራሉ።

በ1963 ጎርዲ አንድ ውሳኔ ወሰነ፤ ከእንግዲህ መሪዋ ድምፅ ዳያና ትሁን አለ። በዚህ ላይ ብዙ ሐሜት አለ፤ በሁለቱ መካከል በኋላ የነበረውን ፍቅርም ታሪክ መዝግቦታል። እኔ ግን ውሳኔው በጆሮም የሚያስኬድ ይመስለኛል። የዳያና ድምፅ ቀጭን ነው፣ አፍንጫ አፍንጫ ይላል፣ ግን ይበሳል። የዘመኑ ወጣት ዘፈን የሚሰማው በትንሿ ትራንዚስተርና በመኪና ሬዲዮ ነበር፤ ጎርዲም የተቀዳውን በዚያው ዓይነት ትንሽ ድምፅ ማጉያ ነበር የሚፈትሸው። የፍሎረንስ ድምፅ አዳራሽ ይሞላል፤ የዳያናው ደግሞ በዚያች ትንሽ ሳጥን ውስጥ ያልፋል። ቡድኑ ለአዳራሽ የተሠራ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ ሌላ ይሆን ነበር።

አሁን ትንሽ የምቆይበት ቦታ ላይ ደርሻለሁ፤ ሚያዝያ 1964።

የሞታውን ዋነኞቹ ደራሲዎች ሦስት ነበሩ፤ ላሞንት ዶዚዬር፣ ብራያን ሆላንድና ወንድሙ ኤዲ ሆላንድ። «ዌር ዲድ አወር ላቭ ጎ» የተባለውን ዘፈን መጀመሪያ ያሰናዱት ለማርቬሌትስ፣ ለሞታውን ሌላው የሴቶች ቡድን ነው። ማርቬሌትሶች አንፈልግም አሉ። ዘፈኑ ዞሮ ለሱፕሪምስ ደረሰ። እነሱም አልወደዱትም፤ የሕፃን ዘፈን ይመስላል፣ ስሜት የለውም አሉ፤ ሂት የሌለው ሰው ግን ምርጫ የለውም። ዘፈኑ የተቃኘው ለማርቬሌትሷ መሪ ዝቅ ላለ ድምፅ ስለነበር ዳያና ከለመደችው ወርዳ መዝፈን ግድ ሆነባት። ያ ዛሬ የምናውቀው ጆሮ ላይ የሚያንሾካሹክ ድምፅ የመጣው ከዚሁ ነው። ለሜሪና ለፍሎረንስ የታሰበው ውስብስብ ቅብብሎሽም በጭቅጭቁ መሃል ተተወና አንድ ቀላል ቃል እየደጋገሙ እንዲቀበሉ ተደረገ። የዘፈኑ መግቢያ ላይ የሚሰማው ምት ደግሞ ከበሮ አይደለም። ማይክ ቫልቫኖ የሚባል ልጅ እንጨት ሳንቃ ላይ ቆሞ በጫማው ሲረግጥ ነው። ቤታችሁ ስትገቡ አድምጡት፤ የእግር ኮቴ መሆኑን አንዴ ካወቃችሁ ሌላ ነገር አይሰማችሁም።

እንግዲህ አስቡት። እምቢ የተባለ ዘፈን፣ ለሌላ ሰው የተቃኘ ዜማ፣ የተኮሳተሩ ሦስት ልጆችና አንድ ሳንቃ። ከዚህ የሚወጣውን ማንም አልገመተም።

በበጋው ዲክ ክላርክ የተባለው የቴሌቪዥን ሰው ዘፋኞችን በአውቶቡስ ጭኖ አገር የሚዞርበት ትርኢት ነበረው። ጎርዲ ሱፕሪምስን በሳምንት 600 ዶላር አስገባቸው፤ ያውም ክላርክ የፈለገው ሌላ ዘፋኝ ነበር። የዳያና እናት ጠባቂ ሆነው አብረው ተጓዙ። መጀመሪያ ላይ በማስታወቂያው «እና ሌሎችም» ከሚለው ውስጥ ነበሩ። ዘፈኑ በሰኔ ወጣ። አውቶቡሱ ከከተማ ከተማ በሄደ ቁጥር ሕዝቡ ስማቸውን እየጠራ ይጮህ ጀመር፤ እነሱ መንገድ ላይ ስለሆኑ ምን እንደተፈጠረ ወዲያው አልገባቸውም። በነሐሴ የቢልቦርድ አንደኛ ሆነ። ጉዞው ሲያልቅ ስማቸው ከማስታወቂያው አናት ላይ ነበር። በየምግብ ቤቱ በር ያገዳቸውን መድልዎ የሚከለክለው የዜጎች መብት ሕግ የተፈረመውም በዚያው በጋ፣ በሐምሌ መጀመሪያ ላይ ነው።

ከዚያ ወንዙ ሞላ። ተከታታይ አምስት ነጠላ ዜማዎቻቸው አንደኛ ወጡ። ቢትልስ አሜሪካን ባጥለቀለቁበት ዓመት ማለት ነው! እስከ 1969 ድረስ አንደኛ የወጡት ዘፈኖቻቸው አሥራ ሁለት ደረሱ። በ1966 ደግሞ «ዘ ሱፕሪምስ ኤ ጎጎ» የቢትልስን «ሪቮልቨር» ከአልበሞች ሰንጠረዥ አናት አውርዶ ተቀመጠ፤ ከሴቶች ቡድን አንደኛ የወጣ የመጀመሪያው አልበም ነው።

ይህ ሁሉ የዘፈን ብቻ ውጤት አልነበረም። ሞታውን ከመንገዱ ማዶ ትምህርት ቤት ከፍቶ ነበር። ማክሲን ፓውል የሚባሉ፣ የሞዴሎች ማሠልጠኛ የነበራቸው ወይዘሮ፣ ልጆቹን አቀማመጥ፣ አነጋገር፣ ከመኪና አወራረድ ያስተምሩ ነበር። ለነገሥታትና ለኋይት ሐውስ ነው የማዘጋጃችሁ ይሏቸው ነበር፤ የድሃ ሰፈር ልጆች ይስቁባቸው ነበር። ቾሊ አትኪንስ፣ የቀድሞ ታፕ ዳንሰኛ፣ እንቅስቃሴ ያስጠናል። ሞሪስ ኪንግ ሙዚቃውን ያስተካክላል። እዚህ ላይ ግን ሁሉም ነገር በትምህርት አልመጣም። «ስቶፕ ኢን ዘ ኔም ኦቭ ላቭ» ላይ እጅ ዘርግቶ የማቆሙን ምልክት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በ1965 ለንደን ውስጥ ለቴሌቪዥን ሊቀረጹ ሲሉ ለዘፈኑ ምንም የተዘጋጀ እንቅስቃሴ አልነበራቸውም። የቴምፕቴሽንሶቹ ፖል ዊልያምስና ሜልቪን ፍራንክሊን በችኮላ ያስጠኗቸው በስቱዲዮው የወንዶች መጸዳጃ ቤት ውስጥ ነው። ስድሳ ዓመት ሆነው፤ ዛሬም ሠርግ ቤት ይታያል።

በዚያው በ1965 በጋ ኒውዮርክ ኮፓካባና ክለብ ገቡ። የክለቡ ታዳሚ ሀብታምና በብዛት ነጭ ነው፤ እራት እየበላ ነው የሚሰማው። በቀሚሳቸው፣ በዊጋቸው፣ በጓንታቸው የሚዘባበቱ ተቺዎች ነበሩ፤ ጥቁርነታቸውን አለስልሰው ሸጡት የሚሉ። ይህን ክስ ከሩቅ ሆኖ መሰንዘር ቀላል ነው። በታኅሣሥ 1964 በኤድ ሱሊቫን ትርኢት ሲቀርቡ ቴሌቪዥኑ ፊት የተቀመጡ ጥቁር ልጃገረዶች ጎረቤት ጠርተው እንዳዩአቸው በኋላ ብዙዎቹ ተናግረዋል። በዚያ ሳጥን ውስጥ እስከዚያ ድረስ ጥቁር ሴት ባብዛኛው የቤት ሠራተኛ ሆና ነበር የምትታየው። ለእኔ ይህ ከተቺዎቹ ሚዛን ይከብዳል።

እንግዲህ መጀመሪያ ላይ እመለስበታለሁ ወዳልኩት ልግባ።

ዳያና ወደ ፊት በወጣች ቁጥር ሁለቱ ወደ ኋላ ተገፉ። ሜሪ ቻለችው። ፍሎረንስ አልቻለችም። መጠጥ አበዛች፣ ትርኢት አመለጣት፣ በአደባባይ ተቃወመች። በ1967 ሲንዲ በርድሶንግ የምትባል ዘፋኝ ተጠባባቂ ሆና ተዘጋጀች። በሐምሌ መጀመሪያ ላስ ቬጋስ ፍላሚንጎ ሆቴል ላይ ፍሎረንስ ተሰናበተች፤ የቡድኑም ስም እዚያው «ዳያና ሮስና ሱፕሪምስ» ሆነ። በዚህ ስም የወጣው የመጀመሪያ ዘፈን ገበያ በገባበት በዚያው ሳምንት ዲትሮይት በአመፅ ትቃጠል ነበር፤ 43 ሰው ሞቷል።

ቀጥሎ ያለውን ቀስ ብዬ ልንገራችሁ። በ1968 ፍሎረንስ ከሞታውን ጋር የስንብት ስምምነት ፈረመች። ወደ 140,000 ዶላር ግድም ተሰጣት። በምላሹ ወደፊት ስትሠራ ራሷን የቀድሞ ሱፕሪም ብላ እንዳታስተዋውቅ ተከለከለች። ስሙን ከዝርዝር የመረጠችው እሷ ናት! ኤቢሲ ሪከርድስ ወስዷት ሁለት ነጠላ ዜማ ሲያወጣላት፣ ሸማቹ ማን እንደሆነች በማስታወቂያ ሊነገረው አልቻለም። ዘፈኖቹ አልሄዱም፤ አልበሟም መደርደሪያ ላይ ቀረ። ሞታውንን ከሰሰች፤ ተረታች። በ1970ዎቹ ሦስት ልጆቿን የምታሳድገው በመንግሥት ድጎማ ነበር። በየካቲት 1976 በ32 ዓመቷ ዲትሮይት ውስጥ ሞተች።

ዳያናን የታሪኩ ክፉ ሰው ማድረግ የተለመደ ነው። አልስማማም። እሷ የተሰጣትን ቦታ በሥራ ሞላችው፤ በጥር 1970 ለብቻዋ ስትወጣም አልወደቀችም። ጎርዲንም ሰይጣን ማድረግ አይጠቅመንም፤ ያለ እሱ ቤት ሦስቱን ልጆች ማንም አያውቃቸውም ነበር። ችግሩ ወረቀቱ ላይ ነው። ሸክላውን የሚያሳትመው፣ የዘፈኑን የሕትመት መብት የያዘው፣ ዘፋኞቹን ማኔጅ የሚያደርገው፣ የቡድኑን ስም የያዘው አንድ ቤት ነው። ማኔጀር የሚባለው ሰው ሥራው ከኩባንያው ጋር ስለ አንቺ መከራከር ነው፤ እዚህ ማን ከማን ጋር ይከራከራል? የስቱዲዮው ወጪ ከዘፋኞቹ ድርሻ ይቆረጣል፤ ሒሳቡን የሚይዘው ያው ቤት ነው።

ከዚህ ወደ እኛ የሚመጣ መንገድ አለ። በዚያው በስድሳዎቹ የእኛም ድምፃውያን የቤት ሰዎች ነበሩ፤ ብዙነሽ በቀለ በክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ፣ ሌሎቹ በፖሊስ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር ደመወዝተኛ ሆነው። ሸክላ ማሳተምም የሀገር ፍቅር ማኅበር ሥልጣን ነበር፤ በ1969 አምሃ እሸቴ ያን ጥሶ የራሱን ሸክላ እስካሳተመ ድረስ። ቅርብ ጊዜ ደግሞ «የኛ» አለች። በ2013 አምስት ወጣት ሴቶች በዘፈንና በሬዲዮ ድራማ ተነሡ፤ ከጀርባቸው የእንግሊዝ መንግሥት የልማት ገንዘብ ነበረ። የእንግሊዝ ጋዜጦች «የኢትዮጵያ ስፓይስ ገርልስ» ብለው አብጠለጠሏቸው፤ በጥር 2017 ገንዘቡ ተቋረጠ። ልጆቹ ያጠፉት ነገር አልነበረም። የተወሰነው እነሱ በሌሉበት፣ በሌላ አገር ፖለቲካ ነው።

ስለዚህ ዛሬ እዚህ የተቀመጣችሁ፣ ቡድን ልታቋቁሙ የምታስቡ ልጆች ካላችሁ፣ ከልምምዱ ጎን ለጎን ሁለት ወረቀት አንብቡ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 እና የንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 (እነዚህ በእኛ አቆጣጠር ናቸው)። የቡድን ስም እንደ ንግድ ምልክት ይመዘገባል፤ በየሰባት ዓመቱም ይታደሳል። በማን ስም እንደተመዘገበ፣ አንዷ ብትወጣ ምን ይዛ እንደምትወጣ ገና ሳትጣሉ፣ ገና እየተሳሳቃችሁ ጻፉት። ከተጣሉ በኋላ የሚጻፈውን ፍሎረንስ ላይ አይተነዋል።

ሜሪ ዊልሰን ይህን ከሁሉም በላይ ተረድታው ነበር። እስከ 1977፣ ቡድኑ እስኪበተን ድረስ ያልወጣች እሷ ብቻ ናት። እሷም ስሙን ለራሷ ማድረግ ሳይሆንላት ቀረ። በ2000 ዳያና ከሁለት የኋለኛ ዘመን ሱፕሪሞች ጋር ትልቅ ጉዞ ስትጀምር ሜሪና ሲንዲ በክፍያ ሳይስማሙ ቀሩ፤ ትኬቱ አልሸጥ ብሎ ጉዞው በመሃል ተቋረጠ። ሜሪ በበኩሏ ከክልል ክልል እየዞረች፣ አንድም የመጀመሪያ አባል የሌለበት ቡድን በታዋቂ ቡድን ስም እንዳይዘፍን የሚከለክል ሕግ እንዲወጣ ምክር ቤቶችን ትወተውት ነበር፤ በብዙ ክልሎችም ጸደቀ። የካቲት 8 ቀን 2021 በ76 ዓመቷ አረፈች። ሁለት ቀን ቀደም ብላ በዩቲዩብ ብቅ ብላ፣ የሞታውንን ሸክላዎች ዛሬ ከያዘው ከዩኒቨርሳል ጋር ተነጋግራ ለብቻዋ የሠራቻቸው ዘፈኖች እንደገና ሊወጡ መሆኑን ለአድናቂዎቿ በደስታ ትነግር ነበር።